ፋብሪካው መጥቷል፤ ገብሱስ ይበቅላል?

ባለፈው ታኅሣሥ ከአርሲ ደጋ ከተሞች በአንዷ፣ አንድ የገብስ መረከቢያ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ነበር። ጠና ያሉ ገበሬ በጋሪ ስምንት ኩንታል ገብስ ጭነው መጡ። ናሙናውን ከሦስት ቀን በፊት ሰጥተው ነበር። ገብሱ ሲያዩት ያምራል። ፍሬው ሙሉ ነው፤ ቀለሙ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። እፍኝ ዘግኜ አየሁት፤ አቧራ እንኳ የለውም። ተረካቢው ልጅ መዝገቡን ገለጥ አድርጎ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ገብስዎ አይበቅልም።»

«ልዘራው መች አልኩህ? ልሸጠው ነው የመጣሁት!»

ዙሪያችን የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እውነታቸውን ነው። ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለገንፎ የሚሆን ገብስ በቀለ አልበቀለ ማን ግድ አለው? ለቢራ የሚገዛ ገብስ ግን ነፍስ ያለው መሆን አለበት። ገዢው ዘር እንደሚገዛ ሰው ነው የሚመርጠው። የማይበቅል ገብስ ብቅል አይሆንም፤ ብቅል ከሌለ ደግሞ ቢራ የለም።

ስለ አገራችን ብቅል ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ፋብሪካ ነው። ስንት ሚሊዮን ዩሮ ወጣበት፣ ስንት ቶን ያመርታል፣ ስንት ዶላር ያድናል። እኔ ግን ነገሩ የሚወሰነው እዚያ መጋዘን በር ላይ ይመስለኛል። እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ አውድማው ላይ።

የተታለለ ዘር

ብቅል ምንድን ነው ለሚል ሰው አማርኛው ራሱ መልስ ይሰጠዋል። ብቅል ማለት የበቀለ ማለት ነው። በጾም የምንበላው በቆልትም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። (ከበቆጂ ወጥቶ ዓለምን ያስደነቀው ሯጭ የአባቱ ስም በቀለ ነው። በቆጂ ደግሞ የገብስ አገር ናት። ግጥምጥሞሹ ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።)

አያቴ ለጥምቀት ጠላ ስትጠምቅ ሥራው የሚጀመረው በብቅል ነበር። ገብሱን ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ትነክራለች። ውሃውን ታጠልልና ገብሱን ኮባ ላይ ትዘረጋዋለች። ላዩን በኮባ ትሸፍነውና ድንጋይ ትጭንበታለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅጠሉን ገለጥ ስታደርገው ሙቀቱ ፊት ይመታል። ሽታው አሁን የተቆረጠ ኪያር ይመስላል። ነጫጭ ሥሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ገብሱ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ይነሣል። ከዚያ ተበጣጥሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኔ ሥራዬ ዶሮ ማባረር ነበር። እግረ መንገዴን ፍሬውን እየቆረጠምኩ። ይጣፍጣል! ያው ገብስ ሳይነከር ሲቆረጠም ግን ምንም ጣፋጭነት የለውም። ስኳሩን ማን ጨመረበት?

መልሱን ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ ነው። የገብስ ፍሬ ማለት ጽንስ እና ለጽንሱ የተቋጠረ ስንቅ ማለት ነው። ስንቁ ስታርች ነው። ስታርች እንደታሸገ ዕቃ ነው፤ ጽንሱ እንዳለ ሊበላው አይችልም። ውሃ ሲያገኝ «ክረምት ገባ» ብሎ ይነቃል። የስንቁን ከረጢት የሚፈቱ ኢንዛይሞች ያመነጫል። አንዳንዶቹ የስታርቹን ግድግዳ ያፈርሳሉ። አልፋ አሚሌዝ እና ቤታ አሚሌዝ የሚባሉት ደግሞ ስታርቹን እየቆረጡ ስኳር ያደርጉታል። እዚህ ላይ ሰው ጣልቃ ይገባል። ቡቃያው ስንቁን በልቶ ሳይጨርስ ያደርቀዋል። ዘሩ ተታሏል። ኢንዛይሙም ስንቁም እንዳሉ ደርቀው ይቀመጣሉ፤ ሌላ ቀን ተፈጭተው ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኙ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? እርሾ ስታርች አይበላም። እርሾ የሚበላው ስኳር ነው፤ ስኳሩን በልቶ ነው አልኮል የሚሰጠን። ወይን ጠጅ የሚሠሩ ሰዎች ስኳሩን ከወይኑ ያገኙታል፤ ጠጅ ጣዮች ከማሩ። እህል ብቻ ያለው ሰው ግን ስኳሩን ራሱ መሥራት አለበት። ብቅል የተፈለሰፈው ለዚህ ነው።

ፋብሪካም የሚሠራው አያቴ የሠራችውን ነው። ገብሱን ሁለት ቀን ያህል ይነክራል፤ እርጥበቱ ከ42 እስከ 46 ከመቶ ይደርሳል። ከዚያ አራት አምስት ቀን፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ፣ እየተገላበጠና አየር እየተነፋበት ይበቅላል። በመጨረሻ በሞቃት አየር ይደርቃል። መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ ላይ ከ80 ዲግሪ በላይ። እርጥበቱ ወደ 4 ወይም 5 ከመቶ ይወርዳል። ሥሩ ተበጥሮ ለከብት መኖ ይሸጣል። ከአንድ ኩንታል ገብስ 80 ኪሎ ገደማ ብቅል ይወጣል።

ልዩነቱ አንድ ነው። ከአያቴ መቶ ፍሬ አሥሩ ባይበቅል ማንም አያውቅም። ጠላው ትንሽ ይቀጥን ይሆናል እንጂ ድግሱ አይቀርም። ፋብሪካ ግን ከመቶው ቢያንስ 95 እንዲበቅል ይፈልጋል፤ የበቀለውም እኩል እንዲበቅል። ያልበቀለ ፍሬ እንደ ጠጠር ነው፤ ስታርቹ አልተፈታም። የፍሬው ግድግዳ ሙጫ የመሰለ ነገር አለው፤ እሱ ካልፈረሰ ቢራው ሲጣራ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። የገበሬው ስምንት ኩንታል የተመለሰው ለዚህ ነው።

ከጋን እስከ ካርቶን

ብቅል ሲባል ቢራ ብቻ የሚመጣለት ሰው ብዙ ነው። እስቲ ከጠላ እንጀምር። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ቂጣው፣ አሻሮው እያንዳንዱ ሥራ አለው። ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል። ቂጣውና አሻሮው ስታርቹን ይዘው ይመጣሉ፤ በእሳት ስላለፉ ግን የራሳቸው ኢንዛይም ሞቷል። ብቅሉ የነሱን ስታርች ጭምር ነው ስኳር የሚያደርገው። አሻሮው ጠቆር ብሎ ሲታመስ ጠላውም ይጠቁራል። ይሄንን የቢራ ጠማቂዎችም ያውቁታል። በእንግሊዝ ዳንኤል ዊለር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1817 ብቅልን እንደ ቡና በሚዞር ከበሮ አምሶ ለማጥቆር የባለቤትነት መብት አወጣ። ጥቁሩ የእንግሊዝ ቢራ ከዚያ ወዲያ መልኩን ያገኘው በጥቂት ጥቁር ብቅል ነው። የኛ እናቶች ምጣድ ላይ የሚያደርጉትን ማለት ነው፤ ወረቀት ስላላወጡበት ነው እንጂ።

ጠላ ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል። የአውሮፓ ገዳማትና የገጠር ቤቶችም ከአንድ ብቅል ሁለት ሦስት ጊዜ እያጠቡ ቀጭኑን ለልጆችና ለሠራተኛ ይሰጡ ነበር። ብቅል ውድ ነገር ስለሆነ የትም አገር አይደፋም።

አረቄ ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አርሲ ነገሌን የሚያውቅ የአረቄውን ጭስ ያውቃል። በብቅልና በጌሾ ቅጠል የተጠነሰሰው ድፍድፍ ሲደርስ እሳት ላይ ይወጣል። እንፋሎቱ በመቃ ወይም በቧንቧ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይንጠባጠባል። እንጨት የሚጨርስ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሥራ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሴቶች ሥራ ነው። ይህን ያየ ሰው ስኮትላንድ ሄዶ የውስኪ ማምረቻ ቢጎበኝ አዲስ የሚሆንበት የመዳቡ ማፍያ ትልቅነት ብቻ ነው። የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ ሲንግል ሞልት የሚባለው ከገብስ ብቅል፣ ከውሃና ከእርሾ ብቻ እንዲጠመቅ ያዛል። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል ይቀመጣል። ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ለሚሠራው የስኮትላንድ ውስኪ እንኳ ከውጭ ኢንዛይም መጨመር ክልክል ነው። ስታርቹን ብቅል ብቻ ይፍታው ይላል ሕጉ። የነገሌ አረቄ አውጪ ይህን ሕግ ሳታነበው ታከብረዋለች።

ጭሱም ያገናኛቸዋል። እኛ ጋኑን በወይራ እናጥናለን፤ ጠላው ያንን ሽታ ይዞ ይወጣል። አይላ በምትባለው የስኮትላንድ ደሴት ደግሞ የሚያጥኑት ብቅሉን ራሱን ነው። ከረግረግ የሚቆፈር ፒት የሚባል ማገዶ አለ። ብቅሉ ሲደርቅ በሱ ጭስ ይታጠናል። ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቶም ጭሱ አይለቅም።

ወደ ምግብ ስንመጣ ነገሩ ይለሰልሳል። ድሮ ከተማ ያደገ ሰው ኦቫልቲንን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1904 በስዊዘርላንድ በርን ገበያ የወጣ፣ በብቅል የተሠራ ዱቄት ነው። ከሱ በፊት ሆርሊክ የሚባሉ ወንድማማቾች አሜሪካ ውስጥ ብቅልና ስንዴ ከወተት ጋር አድርቀው ለሕፃናትና ለሕሙማን ይሸጡ ነበር። ዛሬ እኛ ጋ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ሶፊ ማልት ወይም ማልታ ጊነስ በካርቶን ይዘን እንገባለን። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሠራ ሰው ደግሞ ባርቢካንን ያስታውሳል። አልኮል ስለሌለው ሁሉም ይጠጣዋል። ወተት ያበዛል ይባላል። እኔ ግን ከጥቅሙ ስኳሩ ነው የሚታየኝ። ለአራሷ አጥሚቱ ይሻላል።

ምግብ ላይ የብቅል ትልቁ ሙያ ብዙ የማይወራለት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነች። ገንፎው ወፍራም ከሆነ አይዋጥለትም። በውሃ ካቀጠኑት ደግሞ ሆዱ የሚሞላው በውሃ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ኪሜአ በሚሉት የብቅል ዱቄት ይህን እንቆቅልሽ ፈትተውታል። ወፍራሙ ገንፎ በረድ ሲል አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨመርበታል። በደቂቃዎች ውስጥ ዓይናችሁ እያየ ይቀጥናል። ዱቄቱ ያው ነው፤ ውሃው ያው ነው። ኢንዛይሙ ስታርቹን ቆራርጦት ነው። ሕፃኑ እንደ አጥሚት ይጠጣዋል፤ የሚያገኘው ግን የገንፎውን ያህል ነው። ሁለት ነገር ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ገንፎው እየፈላ እያለ ዱቄቱ ቢገባ ኢንዛይሙ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ በረድ ሲል ጨምሮ፣ ሲቀጥን መልሶ አንድ ጊዜ ማፍላት ነው። ሁለተኛ፣ የማሽላ ብቅል ከሆነ ቡቃያውና ሥሩ ተለቅሞ መጣል አለበት። የማሽላ ቡቃያ ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር አለው። የገብስ ብቅል ይህ ችግር የለበትም። የሻገተ ብቅል ግን ገብስም ይሁን ማሽላ ወደ ልጅ አፍ አይሂድ።

ሁለት ግዙፍ ጎረቤቶች

አሁን ወደ መጋዘኑ በር እንመለስ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የፋብሪካ ቢራ በቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ይጠመቃል። ለረጅም ጊዜ ፋብሪካዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ብቅሉንም በደርግ ዘመን የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ያቀርብላቸው ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ መጡ። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዲያጆ በማግስቱ ዓመት ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። (ከአሥር ዓመት በኋላ ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ።) ሐበሻ፣ ዋልያ፣ ራያ፣ ዘቢዳር በየተራ ተከተሉ። በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ያስታውሳል፤ ማስታወቂያው ሁሉ ቢራ ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. በሕግ እስኪከለከል ድረስ። ቢራው ሲበዛ ብቅሉ አነሰ። አሰላም ኋላ የመጣው የጎንደር ብቅል ፋብሪካም አልደረሱም። ብቅሉ ከአውሮፓ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በከባድ መኪና መግባት ጀመረ። ዶላር ለመድኃኒት ወረፋ በሚጠበቅበት አገር ዶላር ለብቅል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሁለት የዓለም ግዙፎች ፋብሪካቸውን ይዘው መጡ። የፈረንሳዩ ሱፍሌ ቦሌ ለሚ፣ የቤልጂጉ ቦርትማልት ደብረ ብርሃን። ሁለቱም ሲጀምሩ እያንዳንዳቸው በዓመት 60 ሺህ ቶን ብቅል እንዲያመርቱ ታስቦ ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች በዓለም የብቅል ገበያ አንደኛና ሁለተኛ ለመሆን የሚሽቀዳደሙ ናቸው። ቦርትማልት እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካውን ኩባንያ የካርጊልን የብቅል ሥራ ጠቅልሎ ሲገዛ እሱ መሪ ሆነ። ሱፍሌ በ2023 የአውስትራሊያውን ብቅል አምራች ዩናይትድ ሞልትን ሲጨምር ደረጃው ተገለበጠ። የዓለም ፉክክራቸው እኛ ጓሮ ነው የመጣው ማለት ይቻላል።

ሒሳቡን በእጃችን እናስላው። 120 ሺህ ቶን ብቅል 150 ሺህ ቶን ገብስ ይፈልጋል። 1.5 ሚሊዮን ኩንታል ማለት ነው። ጎበዝ ገበሬ ከሄክታር 30 ኩንታል ቢያገኝ 50 ሺህ ሄክታር። ይህ አሰላንና ጎንደርን ሳይጨምር ነው። አገሪቱ በዓመት 20 ሚሊዮን ኩንታል አካባቢ ገብስ ታመርታለች። ስለዚህ በወረቀት ላይ ችግር የለም። ችግሩ ያ ገብስ አብዛኛው የምግብ ገብስ መሆኑ ነው። ዘሩ የተደባለቀ፣ አንዱ ፍሬ ወፍራም ሌላው ቀጭን፣ አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ የሚበቅል። ለእንጀራና ለበሶ ይሄ ድብልቅነት በረከት ነው፤ ዝናቡ ቢከዳ አንዱ ይተርፋል። ለብቅል ግን ጠላት ነው።

ገበሬው የቢራ ገብስ እንዲዘራ ሲጠየቅ የሚያስበውን እናስብለት። አርሲና ባሌ ላይ የገብሱ ተቀናቃኝ ስንዴ ነው። ስንዴ ዘሩም፣ ኮምባይነሩም፣ የመንግሥት ግፊቱም አለው። ገበያ ሲጠፋም ይበላል። የቢራ ገብስ ደግሞ ገዢው ጥቂት ነው፤ መጋዘኑ በር ላይ እንዳየሁት ገብስ «አይሆንም» ከተባለ የትም አይሸጥም፣ በምግብ ገብስ ዋጋ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ፕሪሚየሙ፣ ማለትም ከምግብ ገብስ በላይ የሚከፈለው ጭማሪ፣ ይህንን ፍርሃት የሚክስ መሆን አለበት። በሌላ በኩል ፋብሪካውም ይከፋዋል። ዘርና ማዳበሪያ በውል ሰጥቶ፣ አዝመራ ሲደርስ ዋጋ ከወጣ ገበሬው ለነጋዴ ይሸጥበታል። ውሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሁለቱም ወገን ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ወደ ገበሬው አደላለሁ። በአዝመራ ወቅት ገንዘቡን እጁ ላይ የሚያደርግለት ነጋዴ ካለ፣ ክፍያው ለሚዘገይበት ኩባንያ ታማኝ ሁን ብሎ መምከር ቀልድ ነው።

ማዳበሪያውም ራሱ ወጥመድ አለው። ዩሪያ በዛ ያለበት ገብስ ምርቱ ይጨምራል፤ ፕሮቲኑም አብሮ ይጨምራል። ብቅል ሠሪ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 ከመቶ እንዲሆን ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ስታርቹ ያንሳል፣ ቢራው ይደፈርሳል። ለስንዴው የተማረውን ይዞ ገብሱ ላይ ዩሪያ የረጨ ጎበዝ ገበሬ በጉብዝናው ይቀጣል። ይህን ቀድሞ የሚነግረው ሰው ከሌለ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከመቶ ዘለለ። ከውጭ ብቅል ማስገባት ወገብ የሚቆርጥ ሆነ፤ የአገር ውስጡ ገብስ ተፈላጊነቱ ጨመረ። ለገበሬው ጥሩ ዜና ይመስላል። ግን የገብስ ዋጋ ሲወጣ ቆሎውም በሶውም አብሮ ይወጣል። «ዳቦ ሳንጠግብ ለቢራ መሬት?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ጥያቄው አያስቀኝም፤ ሆኖም 50 ሺህ ሄክታር ከጠቅላላው የገብስ መሬት ትንሽ እጅ ነው። ከጠመቃው የሚተርፈው አተላም ለወተት ላሞች ይመለሳል። የቢራ ፋብሪካ አካባቢ ያለ ከብት አርቢ አተላ ፍለጋ እንዴት እንደሚሯሯጥ ያየ ያውቀዋል።

ናይጄሪያ በዚህ መንገድ ከኛ በፊት አልፋለች። መንግሥቷ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ አገደ። ናይጄሪያ ውስጥ ገብስ እንደልብ አይበቅልም። ጠማቂዎቹ አማራጭ ሲያጡ ወደ ማሽላና በቆሎ ዞሩ፤ ጊነስ እንኳ በማሽላ ተጠመቀ። የማሽላ ብቅል ቤታ አሚሌዙ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ኢንዛይሙን በዕቃ ገዝተው ጨመሩበት። እገዳው ኋላ ሲነሣም ማሽላው ቢራ ውስጥ ቀረ። እኛ ከናይጄሪያ የምንሻልበት አለ፤ ገብሱ የራሳችን ነው። እንዲያውም ከራሳችን አልፏል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ተጓዦች ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት ገብስ ውስጥ አመዳይ የሚባለውን የቅጠል በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ተገኘ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በጸደይ ከሚዘሩት የቢራ ገብሶች ብዙዎቹ ይህን ዘረመል ይዘዋል። የአውሮፓ ቢራ ሲጠጣ የኛ ደጋ ገበሬ ድርሻ አለበት። እኛ ደግሞ ትራቬለር እና ግሬስ የሚባሉ ዘሮችን ከአውሮፓ አስመጥተን እንዘራለን። ሆለታና ቁሉምሳ የምርምር ማዕከላት ያወጧቸው ሆልከር፣ ሚስካል 21፣ ሳቢኒ የመሳሰሉትም አሉ። የጎደለው የዝርያ ስም አይደለም። የጎደለው ንጹሕ ዘር በሰዓቱ፣ በበቂ ብዛት ገበሬው ደጅ መድረሱ ነው።

ሞቷል ወይስ ተኝቷል?

ገብስ ብዙ ቦታ ይሞታል። ሳይደርቅ ተከምሮ ውስጡ ሲግል ይሞታል። ኮምባይነሩ ከፍጥነቱ ብዛት ሲሰነጥቀው ይሞታል። በኅዳር ዝናብ ነዶው ላይ ቀድሞ የበቀለውም ዋጋ የለውም፤ ሁለተኛ አይበቅልም። እርጥበቱ ከ13 ከመቶ በላይ እንደሆነ ፕላስቲክ ጆንያ ውስጥ የታፈነውም ጥቂት ወር አይቆይም።

ግን ሳይሞት የሚተኛም አለ። አዲስ የታጨደ ገብስ ለሳምንታት አልበቅልም ይላል። የተፈጥሮ ጥበቃው ነው፤ ነዶው ላይ እንዳይበቅል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ይነቃል። ደህና ላቦራቶሪ የሞተውንና የተኛውን በጥቂት ሰዓት ይለያል። ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቆ ቴትራዞሊየም የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይነክረዋል። ጽንሱ ከቀላ በሕይወት አለ፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ሞቷል። እዚያ መጋዘን ግን ላቦራቶሪ የለም። አንድ ሳህን፣ አንድ እርጥብ ጨርቅና መዝገብ የያዘ ልጅ ነው ያለው።

ልጁ ክፉ አልነበረም። ገበሬውን ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ቤትዎም መሞከር ይችላሉ» አላቸው። መቶ ፍሬ መቁጠር፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ መበተን፣ መሸፈን፣ በሦስተኛው ቀን የበቀለውን መቁጠር። የሳቸው መቶ ፍሬ በዚያ ቀን 71 ነበር የበቀለው። ስልካቸውን ይዤ ነበርና በየካቲት ደወልኩ። የልጅ ልጃቸው ነች ያነሳችው። ጓዳ ካለው ገብስ ሁለት ጊዜ ሞክራለች። መጀመሪያ 94፣ ቀጥሎ 96።

ስምንቱ ኩንታል አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ስድስቱን አያቷ በዚያው ቀን፣ ጋሪው ሳይፈታ፣ ለቆሎ ነጋዴ ሸጠውት ነው የተመለሱት። የቀረው ሁለት ኩንታል ነው። ከሱም ላይ ለአጎቷ ሰርግ ብቅል ተነክሯል።